የራዲኑ ባለ ሱቅ

በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ አልነበረም። በአንዲት ትንሽ ከተማ የኖረ፣ የዕለት እንጀራውንም ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ያገኝ የነበረ የአይሁድ መምህር ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም እስራኤል መኢር ሲሆን የቤተ ሰቡ ስም ካጋን ይባላል፤ ነገር ግን በዓለም ሁሉ የተበተኑ አይሁድ ሐፌጽ ሐዪም እያሉ ይጠሩታል። ይህ ስም የአንድ መጽሐፉ ስም ነው። ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ ዕብራይስጡ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሐዪም ያሉት እኛ ሕይወት የምንለውን ነውና የስሙ ትርጓሜ ሕይወትን የሚወድድ ማለት ነው። የተወሰደውም ከመዝሙረ ዳዊት ከ33ኛው፣ በዕብራውያን አቈጣጠር ከ34ኛው መዝሙር ነው፤ በዚያ መዝሙረኛው ሕይወትን የሚወድድ ሰው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅና፣ እንዲህ ያለው ሰው አንደበቱን ከክፉ እንዲጠብቅ ይመክራል። ረቢ እስራኤል መኢር ይህችን ምክር ከመዝሙር መጽሐፍ አውጥቶ ወደ ገበያ፣ ወደ ማእድ ቤትና ወደ ጎረቤት ደጅ ያወረዳት ሰው ነው።

የተወለደው በ1830ዎቹ መጨረሻ ዜቴል በምትባል ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ከተማይቱ ዛሬ በቤላሩስ አገር ውስጥ ናት፤ በዚያ ዘመን ግን አገሩ ሁሉ የሩስያ ቄሣር ግዛት ነበረ፤ አይሁድም ከጥቂቶቹ በቀር ከተወሰነላቸው አውራጃ ወጥተው እንዲኖሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። አባቱ ከአሮን ወገን ከካህናቱ ዘር የሚቈጠር ሰው ነበረ። ልጁ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ሞተ። እናቱም ልጅዋ ከትምህርት እንዳይለይባት ብላ ወደ ቪልና ይዛው ሄደች፤ ቪልና በዚያ ጊዜ በሊቃውንትዋና በመጻሕፍትዋ ብዛት የሊቱዌንያ ኢየሩሳሌም ትባል ነበር። በኋላ እናቲቱ ራዲን ለምትባል ትንሽ ከተማ ሰው ተዳረች፤ እስራኤል መኢርም በ17 ዓመቱ የእንጀራ አባቱን ልጅ ፍሬይዳን አግብቶ በራዲን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለማስተማር፣ መጻሕፍቱን ለመሸጥና በጦርነት ምክንያት ካልሆነ በቀር ከራዲን ብዙ አልራቀም።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ለቤት የሚያስፈልገው ዕቃ ከሚሸጥባት ሱቅ ነበረ። ፍሬይዳ ሱቁን ትጠብቃለች፤ እርሱ ደግሞ የሒሳቡን መዝገብ ይይዛል። ይህ ነገር ከታሪኩ ሁሉ ትንሹ ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን የሌላው ሁሉ ሥር እንደ ሆነ ይታየናል። ኦሪት በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በዘዳግም ምዕራፍ 25 ስለ ትክክለኛ ሚዛንና መስፈሪያ ታዝዛለች። ይህን ትእዛዝ በምኵራብ መስማት አንድ ነገር ነው፤ ገዢው ቸኵሎ፣ ሻጩ ደክሞት፣ ሚዛኑም አቧራ ይዞት ሳለ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ረቢ እስራኤል መኢር አንዲት ሳንቲም እንኳ የሌላ ሰው ገንዘብ ወደ ቤቱ እንዳትገባ ሒሳቡን በብርቱ ጥንቃቄ ይመረምር ነበር። የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ሰዎች በእርሱ ታማኝነት ተማምነው ወደዚያች ሱቅ መጉረፍ በጀመሩ ጊዜ የሌሎቹ ባለ ሱቆች ገበያ እንዳይቀዘቅዝ አዘነና ሱቁ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲከፈት አደረገ። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይል ይሆናል። በሕግ ከሚፈለግበት ይልቅ አብልጦ አድርጓልና፤ ሆኖም ከሕግ በላይ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ሕጉን ጠንቅቆ ያወቀ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሌላም ይተረካል። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት በኩል በመላክ ፈንታ በመንገደኛ እጅ የላከ እንደ ሆነ፣ የመንግሥት ገቢ እንዳይጐድል ብሎ አንድ ቴምብር ቀድዶ ይጥል ነበር ይባላል። መንግሥቱም ወገኖቹን በግድ በአንድ አውራጃ ዘግቶ ያስቀመጠው የቄሣር መንግሥት ነበረ! የሠራተኛ ደመወዝን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛል። ረቢ እስራኤል መኢር በ1888 ባሳተመው አሃቫት ሔሴድ በተባለው መጽሐፉ ይህን ትእዛዝ ከብድርና ከመያዣ ሕግ ጋር አያይዞ አንድ በአንድ ተነተነው፤ ሠራተኛው የቀን ወይም የሌሊት ቢሆን፣ በሰዓት ወይም በሳምንት ቢቀጠር፣ ዕዳው በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ ሕጉን ለተራው ሰው አስረዳ። የመጽሐፉ ስም ቸርነትን መውደድ ማለት ነው፤ ከትንቢተ ሚክያስ የተወሰደ ነው። ቸርነት ብዙ ጊዜ በልብ ስሜት ይጀመርና በስሜት ይቀራል፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ቀንና ሰዓት ተቈርጦለት እናገኘዋለን።

ከ1864 እስከ 1869 በምንስክና በቫሲሊሽኪ ታልሙድን አስተማረ። በ1869 ወደ ራዲን ተመልሶ የሺቫ፣ ማለት የኦሪትና የታልሙድ ትምህርት ቤት አቆመ፤ ይህም ትምህርት ቤት ከጥቂት ተማሪዎች ተነሥቶ ስሙ በአውሮጳ አይሁድ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ሆነ።

አሁን ስሙን ወደ ሰጠው መጽሐፍ እንመለስ። ሐፌጽ ሐዪም በ1873 በቪልና ታተመ፤ ደራሲውም ስሙን አልጻፈበትም ነበር። የመጽሐፉ ጕዳይ ዕብራውያን ላሾን ሃራዕ የሚሉት ነው፤ ላሾን ማለት ልሳን ነውና ክፉ ልሳን ብለን ልንተረጕመው እንችላለን። ስለ ሐሜት የተናገሩ መምህራን ከእርሱ በፊት ብዙዎች ነበሩ። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ መምህር ሙሴ ማይሞኒደስ በሕግ መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ነገር ግን ስለ ምግብ፣ ስለ ሰንበት፣ ስለ ብድርና ስለ ጋብቻ ሰፊ የሕግ መጻሕፍት ሲጻፉ፣ ስለ አንደበት የሚናገረው ሕግ በታልሙድና በየመምህራኑ ድርሰት ተበትኖ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሰዎች ሐሜትን እንደ መጥፎ ጠባይ እንጂ በሕግ እንደ ተከለከለ ነገር አይቈጥሩትም ነበር። የተከለከለ ሥጋ ከአፉ እንዳይገባ ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው፣ ከአፉ ስለሚወጣው ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቅም። የራዲኑ ባለ ሱቅ ይህን የተበተነ ሕግ ሰብስቦ በአንቀጽና በቍጥር አሰናዳው። በመግቢያው ክፉ የሚናገርና የሚሰማ ሰው ሊተላለፋቸው የሚችላቸውን ሠላሳ አንድ ትእዛዛት ቈጥሯል፤ ከእነዚህ 17ቱ አታድርግ የሚሉ፣ 14ቱ አድርግ የሚሉ ናቸው።

ከእነዚህ ከ14ቱ አንዱ ለአገራችን አንባቢ በቅርብ የሚታወቅ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12፣ ሙሴ ስላገባት ስለ ኢትዮጵያዊቱ ሴት ማርያምና አሮን በሙሴ ላይ እንደ ተናገሩና ማርያም በለምጽ እንደ ተመታች እናነባለን። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ ያ በማርያም ላይ የሆነው ነገር እንዲታሰብ ያዝዛል። የአይሁድ መምህራን በዚህ ታሪክ ያስተዋሉት ነገር አለ፤ ማርያም የተናገረችው በጠላትዋ ላይ አልነበረም፤ በሕፃንነቱ በወንዝ ዳር ቆማ በጠበቀችው በወንድምዋ ላይ ነበር፤ እርሱም ነገሩን በልቡ አልያዘባትም። ቢሆንም ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን ተቀመጠች። ረቢ እስራኤል መኢር ራሱ ከአሮን ወገን እንደ ነበረ ስናስብ፣ የአባቱን ቤት ስሕተት ለመጠበቂያ ያህል በመጽሐፉ ደጃፍ አቆመው ልንል እንችላለን።

የሕጉ ዋና ነጥብ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነው። ስለ ሐሰት ምስክርነት የሚናገረውን፣ እኛ ስምንተኛ አይሁድ ግን ዘጠነኛ አድርገው የሚቈጥሩትን ትእዛዝ፣ ብዙ ሰው ውሸት ላለመናገር ብቻ የተሰጠ አድርጎ ይወስደዋል፤ የሚናገረው ነገር እውነት እስከ ሆነ ድረስ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። ረቢ እስራኤል መኢር ግን ላሾን ሃራዕ የሚባለው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ባልንጀራን የሚያዋርድ ወይም የሚጐዳ ንግግር መሆኑን ያስረዳል፤ ሐሰት የተቀላቀለበትማ ስሙ ሌላ፣ ጥፋቱም የከፋ ነው። በቃል የተነገረውና በምልክት የታየው አንድ ነው፤ በቀልድ መልክ መናገርም አያድንም። የሌላውን ነጋዴ ዕቃ ማራከስ በዚሁ ይቈጠራል። በብዙ ሰው ፊት ሰውን ከመጠን በላይ ማመስገን እንኳ፣ ከሰሚዎቹ አንዱ ተነሥቶ ጕድለቱን እንዲዘረዝር ስለሚያደርግ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባልዋ መናገራቸው ከዚህ ሕግ ነጻ አያወጣቸውም።

ስብከት የሚወድዱ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ አንቀጽ አለ። አንድ ሰው በምኵራብ ሰብኮ ከወረደ በኋላ ሕዝቡ እየወጣ በስብከቱ ማሾፉና ፍሬ የለበትም ማለቱ የተለመደ ነገር መሆኑን ረቢ እስራኤል መኢር ያውቃል። ይህም በሕግ የተከለከለ ነው ይላል፤ ሰባኪውን ያሳፍረዋል፣ እንጀራውንም ይነካልና። ጕድለቱን ያየ ሰው እውነተኛ ከሆነ ወደ ሰባኪው ለብቻው ሄዶ ይምከረው። እኛም ከአምልኮ በኋላ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ እንዴት ያለ መንገድ እንደ ሆነ እናውቀዋለን።

ይሁን እንጂ የዚህ መጽሐፍ ትምህርት ዝም በሉ የሚል ብቻ የሚመስለው ሰው ግማሹን ብቻ አንብቧል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 16 ወሬ አመላላሽ ሆኖ መዞር ተከልክሏል፤ በዚያው ቍጥር በቀጣዩ ሐረግ ደግሞ የባልንጀራ ደም ሲፈስስ ዝም ብሎ መቆም ተከልክሏል። ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ ቍጥር ጐን ለጐን ተቀምጠዋል፤ የሰው ሕይወትም በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች። አንድ ነጋዴ ከሌላ ሰው ጋር ገንዘቡን አቀላቅሎ ሊሠራ ተዘጋጀ እንበል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ያ ሰው የሰው ገንዘብ እንደሚበላ በዓይኑ አይቷል። ወይም ለአንዲት ልጅ ባል ተጠይቆላት፣ ወላጆችዋ የማያውቁትን ከባድ ነውር አንድ ሰው ያውቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት ጽድቅ ነውን? ረቢ እስራኤል መኢር መናገር ግዴታ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ዝም ያለው ሰው ባልንጀራው ወደ ጕድጓድ ሲወድቅ እንዳየ ሰው ነውና።

ግዴታ ከሆነ ግን እንዴት ይነገር? የመጽሐፉ ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሌላውን ስለ በደለ ሰው ለመናገር የሚፈልግ፣ ነገሩን ራሱ ማየት አለበት እንጂ ከሰው ሰምቶ መነሣት የለበትም። በእርግጥ በደል መሆኑን ቸኵሎ ሳይፈርድ ያስብበት። የሚቻል ከሆነ አስቀድሞ በዳዩን ለብቻው በለሰለሰ ቃል ይገሥጸው፤ ምናልባት ይመለስ ይሆናል። ከሆነው በላይ አይጨምር። አሳቡ የተበደለውን ለመርዳት ይሁን፤ የቈየ ቂሙን ለመወጣት ከሆነ ግን ቃሉ ሁሉ እውነት ቢሆንም ንግግሩ ያው ሐሜት ነው። ሳይናገር ጥቅሙን ማስገኘት የሚችል ከሆነ ያንን መንገድ ይምረጥ። በመጨረሻም በዳዩ በቃሉ ምክንያት ዳኛ ከሚፈርድበት የበለጠ ጕዳት እንዳይደርስበት ይጠንቀቅ። እነዚህ ሰባት ናቸው፤ አንዱ ሲጐድል አፍን መዝጋት፣ ሁሉ ሲሟላ አፍን መክፈት ይገባል።

በአንዳንድ ማኅበር ውስጥ ሐሜት ክልክል ነው የሚለው ቃል የተበደለውን ድኻ አፍ ለማስያዝና የባለ ሥልጣኑን ነውር ለመሸፈን ሲያገለግል እናያለን። በእኛ አስተያየት የራዲኑ መምህር ለዚህ ምክንያት የሚሆን በር አልተወም። ዝምታውንም ንግግሩንም በሕግ ሚዛን ላይ አኖራቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ መዘናቸው። ከሰባቱ ሁሉ የሚከብደው፣ እንደሚመስለን፣ ስለ አሳብ የሚናገረው ነው፤ ሌሎቹን ሰው ሊመረምርልን ይችላል፤ ይህን ግን ከራሳችን በቀር ማንም አያይም።

ለሚሰማውም ሕግ አለው። ሰው ስለ ባልንጀራው ክፉ ወሬ ቢሰማ ማመን አይፈቀድለትም፤ ነገር ግን ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ራሱን እንዲጠብቅ ይፈቀድለታል። ይህ ቀጭን ልዩነት ነው፤ በኑሮ ግን ትልቅ ነው። ሣጥንህን ቈልፍ፤ ሰላምታህን ግን አትንፈገው። ገንዘብህን በአደራ አትስጠው፤ ነገር ግን በወሬው ምክንያት ድኻ ከሆነ ምጽዋት አትከልክለው፤ ያለብህን ዕዳም አታስቀርበት። ከመጽሐፉ አንቀጾች ሁሉ በጎረቤት መካከል ብዙ ጠብ ሊያስቀር የሚችለው ይህኛው ይመስለናል።

መጻሕፍቱን ራሱ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ይሸጥ ነበር። ገጹ የተዛነፈ ወይም የጐደለ ቅጅ ለገዢ ቢደርስ እንደ ስርቆት ይቈጠርብኛል ብሎ ስለ ፈራ ቅጆቹን አንድ በአንድ ያስመረምር እንደ ነበረ ይነገራል። በ1876 ስለዚሁ ስለ አንደበት ሌላ መጽሐፍ፣ ይኸውም ሽሚራት ሃላሾንን አወጣ፤ የፊተኛው ሕጉን ያስረዳል፣ ይህ ደግሞ ልብን ይመክራል። በ1881 በቄሣር ሠራዊት ውስጥ በግድ ለሚያገለግሉ የአይሁድ ወታደሮች ማሐኔ እስራኤል የተባለውን መጽሐፍ ጻፈላቸው። ከወላጆቹ ርቆ፣ ሰንበትን የማያከብር አለቃ የሚያዝዘው ወጣት የትኛውን ትእዛዝ እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል አስተማረበት። በ1893 ደግሞ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላ ሩቅ አገር ለተሰደዱት ሌላ መጽሐፍ አሳተመ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ሰፊው ሚሽና ብሩራ ነው። ይህ በ16ኛው መቶ ዓመት ረቢ ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጀውን ሹልሐን አሩክ የተባለውን የሕግ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል የሚያብራራ ሲሆን፣ ከ1884 እስከ 1907 በስድስት ክፍል ታተመ። ሰው ከእንቅልፉ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ስለ መታጠብ፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ማእድ ምስጋና፣ ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት ይናገራል። ዛሬም በብዙ አይሁድ ቤት ጥያቄ ሲነሣ መጀመሪያ የሚገለጠው ይህ መጽሐፍ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራዲን ትምህርት ቤት ወደ ሩስያ ውስጥ ተሰደደ፤ በ1921 ወደ ራዲን ሲመለስ አገሩ የፖላንድ ሆኖ ነበር። በዚያ ጦርነት ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በስለላ ተከስሶ ረቢ እስራኤል መኢር በችሎት ሊመሰክርለት እንደ ቀረበ ይተረካል። ጠበቃው የምስክሩን ታማኝነት ለማስረዳት ስለ እርሱ ከሚወሩት ታሪኮች አንዱን በነገረ ጊዜ ዳኛው ይህን በእውነት ታምነዋለህን ብሎ ጠየቀው ይባላል። ጠበቃውም ስለ እኔና ስለ እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም ብሎ መለሰ ይላሉ። እኛም ስለ ሱቁና ስለ ቴምብሩ የተረክነውን የምናየው በዚሁ ዓይን ነው።

በ1923 በቪየና በተደረገው የአጉዳት እስራኤል ማኅበር ታላቅ ጉባኤ ተገኘ። በ1930፣ ዕድሜው ከዘጠና ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ስለ ወገኖቹ የሃይማኖት ጕዳይ ከፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከባርቴል ጋር ለመነጋገር ወደ ዋርሶ ተጓዘ። በመስከረም ወር 1933 በራዲን ሞቶ በከተማይቱ የአይሁድ መቃብር ተቀበረ። በዚያው ዓመት ዘመዱ የሆነ አንድ መምህር በኒው ዮርክ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት አቆመ፤ በ1944ም በእስራኤል አገር አንድ የእርሻ መንደር በመጽሐፉ ስም ተሰየመ።

በራዲን ለቀሩት ግን ሌላ ቀን መጣ። የጀርመን ናዚ ሠራዊት ከተማይቱን ከያዘ በኋላ አይሁድን በአንድ ሰፈር አጠረ፤ በግንቦት 10 ቀን 1942 አብዛኞቹን ወደ መቃብሩ ስፍራ ነድቶ ገደላቸው። ከእነርሱም መካከል ከሱቁ የገዙ፣ በትምህርት ቤቱ የተማሩ፣ ስብከቱንም የሰሙ ሰዎች ልጆች ነበሩ። የጅምላ መቃብራቸው ከእርሱ መቃብር ብዙ አይርቅም።